ኔት ሲሄድ አብሮ የማይሄድ ኢሜይል፦ ኢማክስ ውስጥ ፖስታ ሳጥን መክፈት

ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባለፈው በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ አራት ኢሜይል መለስኩ። ኔት የለም። ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ነው፣ ሞተሩ ከኋላዬ ይጮሃል። ባለ ጀልባው ዞር ብሎ አየኝና «አንተ ልጅ፣ ዝጋው እንጂ! ውሃ ይረጨዋል» አለኝ። «እሺ ጋሼ፣ ይቺን ብቻ» አልኩት። ማታ ፔዳ አካባቢ ያለው ቤቴ ገብቼ ዋይፋይ ሳገኝ አንዲት ፊደል ተጫንኩ። አራቱም ሄዱ።

እንጀራዬ ትርጉም ነው። ሥራው በኢሜይል ይመጣል፣ በኢሜይል ይሄዳል። ጂሜይልን በብሮውዘር መክፈት ኔት ሲኖር ጥሩ ነው። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ሲጠፋ ግን ትናንት ያነበባችሁትን ደብዳቤ እንኳ መልሳችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። የኔ ደብዳቤ ለምን እኔ ጋ አይቀመጥም?

እኔ የተገላገልኩት በኢማክስ ነው። ኢማክስ ቴክስት ኤዲተር፣ ማለት ጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1976 ኤምአይቲ ውስጥ ተሠራ፤ ዛሬ የምንጠቀምበትን ግኑ ኢማክስን ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 አወጣው። መልኩ ዕድሜውን አይደብቅም። ግን ቀኑን ሙሉ የምጽፈው እሱ ላይ ስለሆነ፣ ኢሜይሌም እዚያው ሲሆን እጄ ከኪቦርዱ አይነሳም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኮንፊጉን፣ ማለት ፕሮግራሞቹ የሚታዘዙበትን የቅንብር ጽሑፍ፣ ኮፒ-ፔስት እንድታደርጉት እዚህ አልለጥፍም። ሳይገባን የለጠፍነው ኮንፊግ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ አይታወቅም። እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚል ግን እነግራችኋለሁ። የቃላቱን ትክክለኛ አጻጻፍ ከፕሮግራሞቹ ጋር አብሮ ከሚመጣው ማኑዋል ታገኙታላችሁ። ኢማክስ ውስጥ ኮንትሮል-ኤች ከዚያ አይ ብትሉ የማኑዋሎቹ ዝርዝር ይከፈታል። የሙ-ፎር-ኢ (ኢማክስ ውስጥ ኢሜይል የምናይበት ፕሮግራም) ማኑዋል መጨረሻው ላይ ለጂሜይል የተሠራ ምሳሌ አለው። ያለ ኔት ይነበባል።

ማን ምን ይሠራል

ሥራው ለአራት የተከፈለ ነው። ይሄ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው።

ኤምቢሲንክ ደብዳቤ ያመላልሳል። ከጂሜይል ሰርቨር አምጥቶ ላፕቶፓችሁ ላይ ያራግፋል፤ እናንተ ያነበባችሁትን ወይ ያነሳችሁትን ደግሞ ለሰርቨሩ ይነግራል። ሙ የሚባለው የመጣውን ሁሉ መዝግቦ ለፍለጋ ያዘጋጃል። ሙ-ፎር-ኢ ኢማክስ ውስጥ የምታዩት ገጽ ነው፤ ዝርዝሩ፣ ደብዳቤው፣ መልስ መጻፊያው። ኤስኤምቲፒሜይል ይልካል። እሱ ኢማክስ ውስጥ ያለ ነው፣ አይጫንም።

ኢማክስ ራሱ ግኑስና አርሜይል የሚባሉ የኢሜይል ፕሮግራሞች አብረውት ይመጣሉ። ሞክሬያቸዋለሁ። መጥፎ አይደሉም። እኔ ግን ፍለጋ እወዳለሁ፣ በፍለጋ ደግሞ ሙን የሚያህል አላገኘሁም።

መጫን

ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ በአፕት፣ በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ፣ አምስት ነገር ጫኑ፦ ኢማክስ፣ ሙ-ፎር-ኢ፣ አይሲንክ፣ ግኑፒጂ (ፋይል መቆለፊያ) እና የአቢሲኒካ ፎንት። ኤምቢሲንክን በስሙ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ አይሲንክ በሚባለው ጥቅል ውስጥ ነው ያለው። ሙ ደግሞ ሙ-ፎር-ኢን ተከትሎ በራሱ ይመጣል። ዊንዶውስ ያላችሁ ደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው) ውስጥ ኡቡንቱ አስገቡና ከዚያ ቀጥሉ።

ይህን ኔት ደህና በሆነበት ሰዓት አድርጉት። እኔ ሌሊት ነው የማወርደው።

ፓስወርዱ

የተለመደውን የጂሜይል ፓስወርድ ብታስገቡ አይሠራም። ጎግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 መጨረሻ ጀምሮ ስምና ፓስወርድ ብቻ ይዞ የሚመጣን ፕሮግራም ከግል አካውንቶች አግዷል። የሚያስፈልገው አፕ ፓስወርድ፣ ማለት ጎግል ለአንድ ፕሮግራም ብሎ ለብቻው የሚያወጣላችሁ ፓስወርድ ነው። እሱን ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት ግድ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ምክር። የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ ብቻ እንዲመጣ አታድርጉ። ኔትወርክ በሌለበት ቀን አካውንታችሁ በር ላይ ትቆማላችሁ። ጎግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መታወቂያ የምታስቀምጡበት ቦታ አኑሯቸው።

አፕ ፓስወርዱ 16 ፊደል ነው። አራት አራት እየሆነ በክፍተት ይታያል፤ ክፍተቱን አውጥታችሁ አንድ ላይ ጻፉት። የጂሜይሉን ዋና ፓስወርድ በቀየራችሁ ቁጥር ይሄኛው ይሰረዛል። አንድ ቀን ሁሉም ነገር ድንገት ካቆመ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

አሁን የት ይቀመጥ? ግልጽ ፋይል ውስጥ አይሁን። በግኑፒጂ ለራሳችሁ ቁልፍ ፍጠሩ። ከዚያ ኢማክስ ውስጥ ስሙ በጂፒጂ የሚያልቅ ፋይል ክፈቱ። ስትሴቩ ኢማክስ በራሱ ይቆልፈዋል፣ ስትከፍቱት በራሱ ይፈታዋል። እኔ ሁለት ፋይል አለኝ። አንዱ አውዝኢንፎ ይባላል፣ ለመላኪያ ነው፤ በአንድ መስመር የሰርቨሩን ስም፣ አድራሻዬን፣ ፖርቱን (የሰርቨሩን የበር ቁጥር) እና ፓስወርዱን ይዟል። ሌላው ለኤምቢሲንክ ነው፣ ውስጡ ፓስወርዱ ብቻ ነው ያለው።

ኤምቢሲንክ፦ ጊዜ የሚወስደው እዚህ ነው

ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር፣ ኤምቢሲንክ-አርሲ የሚባል ፋይል ፍጠሩ። አራት ክፍል አለው።

አንደኛው አካውንቱ ነው። ሆስት ብላችሁ የጂሜይልን የአይማፕ (የደብዳቤ ማምጫ) ሰርቨር ስም፣ ዩዘር ብላችሁ ሙሉ አድራሻችሁን ታስገባላችሁ። ፓስ-ኮማንድ የሚለው ላይ ያንን የተቆለፈ ፋይል በግኑፒጂ የሚፈታ ትእዛዝ ይገባል። ቲኤልኤስ-ታይፕ (የግንኙነቱ ምስጠራ ዓይነት) አይማፕኤስ ይሁን፤ ያኔ ፖርት 993ን ራሱ ይመርጣል። ስሪታችሁ ከ1.5 በታች ከሆነ የዚህ መስመር ስም ኤስኤስኤል-ታይፕ ነው።

ሁለተኛው የሩቁ ስቶር፣ ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለው ማከማቻ ነው። ስም ትሰጡታላችሁ፣ የትኛውን አካውንት እንደሚጠቀም ትነግሩታላችሁ፤ አለቀ።

ሦስተኛው የቅርቡ ስቶር፣ ማለት ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ነው። ፓዝ ላይ ሜይል የሚባል ፎልደር ስጡት። መጨረሻው ላይ ስላሽ መኖሩን ሁለቴ እዩ። ፎልደሩን ራሳችሁ አስቀድማችሁ ፍጠሩት። ሰብፎልደርስ ቨርባቲም ይሁን (ንዑስ ፎልደሮች በስማቸው እንዳሉ ይቀመጡ ማለት ነው)።

ኔቱን የሚያድነው መስመርም እዚሁ ነው፦ ማክስ-ሳይዝ። 200 ኪሎባይት ላይ አድርጉት። ከዚያ የሚበልጥ ደብዳቤ ሲመጣ ሙሉውን አያወርድም፤ ትልቅ መሆኑን የምትናገር ትንሽ ምልክት ብቻ ያስቀምጣል። ሙሉው ካስፈለጋችሁ ባንዲራ፣ ማለት «ይሄ ይፈለጋል» የሚል ምልክት ታደርጉበታላችሁ፣ በሚቀጥለው ዙር ይወርዳል። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት አታችመንት ይፈቅዳል። እንዲህ ዓይነቱን ሳትጠየቁ ፓኬጃችሁ ላይ የሚጭንባችሁ ሰው አይጠፋም።

አራተኛው ቻነሉ ነው፤ ሩቁንና ቅርቡን ያገናኛል። ፋር የሩቁ ስም ነው፣ ኒር የቅርቡ። ሁለቱንም ስሞች ከፊትና ከኋላ በሁለት ነጥብ ታጥሯቸዋላችሁ። ፓተርንስ ላይ የትኞቹ ፎልደሮች ይምጡ የሚለውን ትጽፋላችሁ። ክሪኤት ኒር (የጎደለ ፎልደር ላፕቶፑ ላይ ይፍጠር)፣ ኤክስፐንጅ ነን (የተሰረዘውን ጨርሶ አያጥፋ)፣ ሲንክስቴት ኮከብ (የት እንደደረሰ የሚመዘግብበትን ፋይል በየፎልደሩ ያኑር)። ለመጀመሪያው ሳምንት ሲንክ ፑል ብላችሁ ብትጨምሩበት ጥሩ ነው። ያኔ ከሰርቨሩ ማምጣት ብቻ ነው፣ እናንተ ላፕቶፑ ላይ ያበላሻችሁት ወደ ሰርቨር አይሄድም። እጃችሁ ሲለምድ መስመሩን አንሱት።

ፓተርንስ ላይ ኢንቦክስና ሴንት ሜይል ብቻ ጻፉ። ኦል ሜይልን አታስገቡ! እኔ አስገብቼ ተኛሁ። ጂሜይል ውስጥ ፎልደር የሚመስለው ሌብል ነው፤ አንዱ ደብዳቤ ኢንቦክስም ኦል ሜይልም ውስጥ ይታያል። ኤምቢሲንክ ይህን አያውቅም፣ ሁለቴ ያወርደዋል። የሳምንት ፓኬጄ በአንድ ሌሊት አለቀ። የአሥር ዓመት ማስታወቂያ ሁሉ አመጣልኝ። ማንንም መውቀስ አልችልም፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጎግል ራሱ በአይማፕ በቀን ከ2500 ሜጋባይት በላይ ማውረድ አይፈቅድም፤ እሱ ገደብ ባይኖር ደግሞ ምን ያህል እንደሚሄድ እንጃ።

ማክስ-ሜሴጅስ የምትባል መስመርም አለች፤ ቻነሉ ውስጥ ትገባለች። 300 ብትሉ ከየፎልደሩ በመጨረሻ የመጡትን 300 ብቻ ላፕቶፑ ላይ ይይዛል። ያልተነበቡትንና ባንዲራ ያላቸውን በራሱ አያነሳም። ለጀማሪ ይበቃል። በኋላ ቁጥሩን ማሳደግ ትችላላችሁ።

ባዶ መስመር ነገር አለው። ክፍሎቹ የሚለዩት በባዶ መስመር ነው። በአንድ ክፍል መሃል «ለዓይን እንዲያምር» ብላችሁ ባዶ መስመር ብታስገቡ ክፍሉ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ቀጥሎ ያለውን ቃል አላውቀውም ብሎ ያቆማል። ግማሽ ቀን ፓስወርዱን ስወነጅል ውዬ ጥፋቱ ሆስትና ዩዘር መካከል የተከልኳት አንዲት ባዶ መስመር ሆና ተገኘች።

ከማውረዳችሁ በፊት ኤምቢሲንክን በሰረዝ-ኤል ሰረዝ-ኤ አሂዱት። ምንም ሳያወርድ ፓተርንስ ላይ ከጻፋችሁት ጋር የሚገጥሙትን ፎልደሮች ይዘረዝራል። የጂሜይላችሁ ገጽ በአማርኛ ከሆነ የፎልደሩ ስም ስለሚለይ ሴንት ሜይል ዝርዝሩ ውስጥ ላይታይ ይችላል። የጂሜይሉን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ መልሱትና ደግማችሁ እዩ።

ዝርዝሩ ደህና ከሆነ በሰረዝ-ኤ አስጀምሩት። መሃል ላይ ኔት ቢሄድ አትደንግጡ። የት እንደደረሰ መዝግቦ ይሄዳል፤ ኔት ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ደግማችሁ ስጡት፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሙን ማስተዋወቅ

ይሄ አጭር ነው። ሙ ኢኒት በሉትና ሁለት ነገር ንገሩት፦ ሜይል ፎልደሩ የት እንዳለና የእናንተ አድራሻ የትኛው እንደሆነ። ከዚያ ሙ ኢንዴክስ በሉ። ለ300 ደብዳቤ ሻይ እንኳ አታፈሉም፣ ያልቃል።

ኢማክስ ውስጥ

ኢኒት ፋይላችሁን፣ ማለት ኢማክስ ሲነሳ የሚያነበውን የቅንብር ፋይል ክፈቱ። ሙ-ፎር-ኢን እንዲጭን በሪኳየር ትእዛዝ እዘዙት። ስማችሁንና አድራሻችሁን አስገቡ። ደብዳቤ ማምጫ ትእዛዙ ኤምቢሲንክ ሰረዝ-ኤ ይሁን። በየስንት ደቂቃው ያምጣ የሚለውን እኔ ባዶ ነው የተውኩት። መቼ እንደሚያመጣ እኔ ልወስን።

አራት ፎልደሮችም ይፈልጋል። የተላከው የጂሜይል ሴንት ሜይል ነው። ድራፍት፣ ትራሽና አርካይቭ ግን ላፕቶፑ ላይ ብቻ ያሉ ፎልደሮች ይሁኑ፣ ፓተርንስ ላይ ስላልጻፍናቸው ወደ ሰርቨሩ አይሄዱም። ታዲያ አንድ ደብዳቤ ከኢንቦክስ ወደ አርካይቭ ሳዞር ጂሜይል ላይ ምን ይሆናል? የጂሜይል የአይማፕ ሴቲንግ ካልተነካ ከኢንቦክስ ይወጣና ኦል ሜይል ውስጥ ይቀራል። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ሁለት መስመር ደግሞ እንዳትረሱ። አንዱ ደብዳቤ ሲዛወር የፋይሉ ስም ይቀየር የሚለው ነው፤ ቼንጅ-ፋይልኔምስ-ዌን-ሙቪንግ ይባላል። ኤምቢሲንክ መለያ ቁጥሩን የፋይሉ ስም ላይ ይጽፋል። ስሙ ሳይቀየር ወደ ሌላ ፎልደር ከሄደ ሁለት ደብዳቤ አንድ ቁጥር ይዘው ይገናኛሉ፣ ኤምቢሲንክም ዱፕሊኬት ዩአይዲ (የተደገመ መለያ ቁጥር) ብሎ ይጮሃል። ሁለተኛው የተላከውን ኮፒ አታስቀምጥ የሚለው ነው፤ ጂሜይል ራሱ ሴንት ሜይል ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ካልከለከላችሁት ሁሉም ሁለት ሁለት ይሆናል።

ለመላኪያው ኤስኤምቲፒሜይልን ምረጡ፣ የጂሜይልን የኤስኤምቲፒ (የመላኪያ) ሰርቨር ስም ስጡት፣ ፖርት 465 ከኤስኤስኤል ጋር። በ587 ማድረግ ከፈለጋችሁ ዓይነቱ ስታርት-ቲኤልኤስ መሆን አለበት። የአንዱን ፖርት ከሌላው ዓይነት ጋር ካቀላቀላችሁ ስህተት እንኳ ሳይናገር ዝም ብሎ ሊቆም ይችላል።

አሁን የጀልባዋ ምስጢር። ሙ ኤምኬዲር በሚለው ትእዛዝ ሜይል ውስጥ ኪው የሚባል ፎልደር ፍጠሩ። ውስጡ በነጥብ የሚጀምር ኖኢንዴክስ የሚባል ባዶ ፋይል አኑሩ፣ ሙ እዚያ እንዳይገባ። ከዚያ ለኤስኤምቲፒሜይል የወረፋው ቦታ የኪው ፎልደር ውስጥ ያለው፣ ከር የሚባለው ንዑስ ፎልደር እንደሆነ ንገሩት። ወረፋውንም ከመጀመሪያው አብሩት። ከዚህ በኋላ ላክ ስትሉት አይልክም፣ ተራ ያስይዛል። ኔት ቢኖርም እንዲህ ነው የምጠቀመው። ተናድጄ የጻፍኩትን ደብዳቤ ከወረፋ ስንት ጊዜ እንዳወጣሁት አልነግራችሁም።

ውሎ

ኦልት-ኤክስ ብላችሁ ሙ-ፎር-ኢ ጻፉ። ዋናው ገጽ ይመጣል። ትልቁ ዩ አዲስ ያመጣል። ቢ ከዚያ ዩ ያልተነበቡትን ያሳያል፤ ቢ ከዚያ ቲ የዛሬን፣ ቢ ከዚያ ደብሊው የሰባት ቀኑን። ጄ ወደ ፎልደር ይወስዳል። ኤስ ይፈልጋል።

ደብዳቤ ላይ ቆማችሁ ትልቁ አር መልስ ነው፣ ትልቁ ኤፍ ፎርዋርድ፣ ትልቁ ሲ አዲስ። ትንሹ አር ወደ አርካይቭ፣ ትንሹ ዲ ወደ ትራሽ። ትልቁ ዲ ፋይሉን ከላፕቶፑ ጨርሶ ያጠፋዋል፣ ጣታችሁን ጠብቁ። ፕላስ ባንዲራ ነው፤ ያ በ200 ኪሎባይት የተቆረጠውን የምታስጠሩት በሱ ነው። ከትንሹ አር እስከ ፕላስ ያሉት መጀመሪያ ምልክት ብቻ ናቸው። ኤክስ እስክትጫኑ ምንም አይሆንም። ሐሳብ ከቀየራችሁ ትንሹ ዩ ምልክቱን ያነሳል። የመጣ አታችመንት ለማስቀመጥ ደብዳቤውን ከፍታችሁ ኢ በሉ።

ስትጽፉ ኮንትሮል-ሲ ኮንትሮል-ኤ ፋይል ያያይዛል። ኮንትሮል-ሲ ሁለቴ ይልካል፣ ማለት ወረፋ ያስይዛል። ኮንትሮል-ሲ ኮንትሮል-ኬ ይተወዋል። የሆነ ነገር ውስጥ ገብታችሁ መውጫው ሲጠፋችሁ ኮንትሮል-ጂ።

ኔት ሲመጣ ዋናው ገጽ ላይ ትንሹ ኤፍ ናት። ስንት ደብዳቤ ወረፋ እንደያዘ አጠገቧ ተጽፏል። ተጫኗት፣ ይሄዳሉ። የወረፋ ሥርዓቱን ለማጥፋትና መልሶ ለማብራት ኤም። ደብዳቤው ላይ የሚታየው ቀንና ሰዓት የጻፋችሁበት እንጂ የሄደበት አይደለም፤ ሁለት ቀን የቆየ ከሆነ ለተቀባዩ አንድ ቃል ብትሉት አይከፋም።

አማርኛው

ኮንትሮል-ኤች ከዚያ ኤች በሉ። ኢማክስ በብዙ ቋንቋ ሰላም የሚል ገጽ ይከፍታል። አማርኛችንም አለ፣ በንጉሡ ሠ «ሠላም» ተብሎ። ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ ፎንት የለም ማለት ነው፤ አቢሲኒካን ያስጫንኳችሁ ለዚህ ነው።

ኢማክስ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው። ኮንትሮል-ባክስላሽ ስትሉ መጀመሪያ ስም ይጠይቃል፣ ኢትዮፒክ በሉት። ከዚያ በላቲን ፊደል እንደ ድምፁ ስትጽፉ አማርኛ ይሆናል፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትመቱ «ሰላም»። ለብቻው የተመታ ተነባቢ ሳድስ ነው። ሐምስ በትልቁ ኢ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ኘ በትልልቆቹ ቲ፣ ሲ፣ ኤስ እና ኤን ይመጣሉ። ያንኑ ቁልፍ ደግማችሁ ስትመቱ ወደ ላቲን ይመለሳል።

የኮምፒውተሩን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ችግር አለ። አማርኛ ላይ እንዳለ ጄ ስትሉ ኢማክስ የሚደርሰው የአማርኛ ፊደል ነው፣ ትእዛዙን አያውቀውም። የኢማክሱ መጻፊያ እንዲህ አያስቸግርም። ጽሑፍ የምትጽፉበት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

ፍለጋው ላይ ደግሞ ትንሽ ተንኮል ያስፈልጋል። ሙ ፊደሉን እንጂ ድምፁን አያይም። ለኛ ባሕር ዳርና ባህር ዳር አንድ ከተማ ነው፣ ለሱ ሁለት ቃል። በሐመሩ ሐ ከፈለጋችሁ በሃሌታው የጻፈው ደንበኛ ደብዳቤ አይመጣም። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ላይም ያው ነው። እኔ ሁለቱንም አጻጻፍ በኦር («ወይም» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል) አገናኝቼ እፈልጋለሁ። በየቀኑ የምፈልገውን ደግሞ ቡክማርክ (የተቀመጠ ፍለጋ) ውስጥ ከትቼ በሁለት ቁልፍ አመጣዋለሁ።

ሌላው የቃላችን ጅራትና ቀንድ ነው። ቃሉ መጨረሻ ላይ ኮከብ ብታስገቡ የተጨመረበትን ሁሉ ያመጣል፤ «ደብዳቤ» ከኮከብ ጋር «ደብዳቤው»ን፣ «ደብዳቤዎች»ን ያገኛል። ከፊት ግን ኮከብ አይሠራም። «በደብዳቤ»፣ «የደብዳቤ»፣ «ስለደብዳቤው» ይቀራሉ። ስለዚህ በ፣ የ፣ ለ፣ ከ እያላችሁ በኦር መደርደር ነው። ርእሱ ላይ ብቻ መፈለግ ከበቃችሁ ሰብጀክት ብላችሁ ቃሉን በሁለት ስላሽ መካከል አስገቡት፤ ያኔ የቃሉ መሃል ላይም ቢሆን ያገኘዋል። ትንሽ ይዘገያል።

በኔት ወጪ በኩል ደግሞ አማርኛ ርካሽ ነው። አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ስልት) 3 ባይት ነው፤ ለጉዞ በቤዝ-64 ሲጠቀለል 4 ይሆናል። 2000 ፊደል ያለው ረጅም ደብዳቤ 8 ኪሎባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ምስልና አታችመንት ከሌለው ከወረፋው የሚወጣው ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ነው።

ሲበላሽ

ሙ-ፎር-ኢ ክፍት ሆኖ ተርሚናል ላይ ሙ ኢንዴክስ ብትሉ መዝገቡ ተቆልፏል ይላችኋል። ብልሽት አይደለም። ወይ ሙ-ፎር-ኢን ዝጉ፣ ወይ እዚያው ውስጥ ትልቁን ዩ ተጫኑ።

የሰርተፊኬት ስህተት ከመጣ የላፕቶፑን ሰዓት እዩ። ባትሪው ደክሞ ቀኑን የረሳ ላፕቶፕ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት አያምንም። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የምትሞሉም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ 3፡00 ብላችሁ ከሞላችሁት ኢሜይላችሁ ከስድስት ሰዓት በፊት የተጻፈ ይመስላል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን በፈረንጁ ተዉት። የግድግዳውን ሰዓት እንደፈለጋችሁ።

በመጨረሻ ኮፒ መያዝ። ደብዳቤዎቻችሁ አሁን ተራ ፋይሎች ናቸው፤ አንድ ደብዳቤ አንድ ፋይል። ሜይል ፎልደሩን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ያምራችኋል። እኔም ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። የፋይሎቹ ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ አለ፣ አብዛኛው ፍላሽ የሚሠራበት ፋት ደግሞ ሁለት ነጥብ ያለው ስም አይቀበልም። መጀመሪያ በታር አንድ ፋይል አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ከዚያ እሱን ገልብጡ። የጂፒጂ ቁልፋችሁን ግን እዚያው ፍላሽ ላይ አታኑሩት፤ እሱን ሌላ ቦታ።